የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጥንት ከዋክብት ከምን ተሠሩ?

ባለፈው እትም ሬቲኩለም 2 ስለምትባል ድንክ ጋላክሲ ባጭሩ ጽፈን ነበር። ሬቲኩለም 2 ከእኛ 100 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ርቃ በእኛው ጋላክሲ በፍኖተ ሐሊብ ዙሪያ የምትዞር፣ ከዋክብቷ ሁሉ ተደምረው የጥቂት ሺህ ፀሐይ ብርሃን እንኳ በቅጡ የማይሞሉ ደብዛዛ ጋላክሲ ናት። የተገኘችው በ2015 ነው፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ከዋክብቷ ያልተጠበቀ ያህል ከባድ ንጥረ ነገር እንደተሸከሙ ታወቀ። ጽሑፉን ያነበባችሁ ብዙ ጥያቄ ላካችሁልን። መልስ የሚሹትን መርጠን አቅርበናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮከብ ላይ ደርሶ አፈር የዘገነ ሰው የለም። ታዲያ «እዚያ ብረት አለ፣ ባሪየም አለ» የሚባለው በምን ማስረጃ ነው? ግምት አይደለም ወይ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ግምት አይደለም፤ ማስረጃው ብርሃኑ ራሱ ነው። ከኮከቡ ውስጥ የሚወጣው ብርሃን ላይኛውን፣ ቀዝቀዝ ያለውን ጋዝ ሲያልፍ እያንዳንዱ ዓይነት አቶም የራሱን ቀለም ብቻ እየመረጠ ይውጣል። ብርሃኑን በየቀለሙ በሚለይ መሣሪያ፣ በስፔክትሮግራፍ፣ ስንዘረጋው የተዋጠው ቀለም ቦታ ላይ ጥቁር መስመር ይታያል። ማግኒዥየምን እንውሰድ። አረንጓዴው ላይ በ5167፣ በ5173 እና በ5184 አንግስትሮም ሦስት ጉልህ መስመሮች አሉት። አንድ አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ማግኒዥየም ሲነድ የሚያወጣው ቀለምም እነዚሁኑ ሦስቱን ይዟል። ኮከቡ ወደ እኛ እየመጣ ወይም ከእኛ እየራቀ ከሆነ ሦስቱም አንድ ላይ ጥቂት ይንሸራተታሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን አይዛባም። ብረት ደግሞ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ስላሉት ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር መምታታት አይቻልም።

አስቸጋሪው «አለ ወይ?» የሚለው አይደለም፤ «ስንት ነው?» የሚለው ነው። ያው የብረት መጠን በቀዝቃዛ ኮከብ ላይ ጥልቅ መስመር ሲሠራ በሞቃት ኮከብ ላይ ስስ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የኮከቡን ሙቀት ማወቅ ግድ ነው። ሙቀቱ ላይ የ100 ዲግሪ ስሕተት ቢፈጠር የብረቱ መጠን ላይ 25 በመቶ ያህል ስሕተት ያመጣል።

መጠኑ የሚነገረው ፀሐይን መነሻ በማድረግ ነው። በፀሐይ ውስጥ ለአንድ የብረት አቶም 32 ሺህ ያህል የሃይድሮጅን አቶሞች አሉ። ይህ ዜሮ ይባላል። −1 የዚህ አንድ አሥረኛ፣ −2 አንድ መቶኛ፣ −3 አንድ ሺህኛ ነው። እንግዲህ «ብረቱ −3 ነው» በተባለ ኮከብ ውስጥ አንድ የብረት አቶም ለማግኘት 32 ሚሊዮን የሃይድሮጅን አቶም ማበጠር ያስፈልጋል ማለት ነው። ከዚህም የባሰ አለ። በ2014 ይፋ የሆነ፣ በአውስትራሊያው ስካይማፐር ቴሌስኮፕ የተገኘ አንድ የፍኖተ ሐሊብ ኮከብ የብረት መስመር ጨርሶ አልታየበትም፤ ብረቱ ከፀሐይ ሚሊዮንኛ በታች ነው።

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥም ጥንታዊ ከዋክብት አሉ፤ ቅርብና ብሩህም ናቸው። ስለምን በጭንቅ የሚታዩት ላይ ይደከማል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቅርቦቹም ይጠናሉ፣ ብዙም አስተምረውናል። ችግራቸው የትውልድ ቦታቸው አለመታወቁ ነው። ፍኖተ ሐሊብ በዕድሜዋ ብዙ ትናንሽ ጋላክሲዎችን ስለዋጠች፣ ዛሬ በዳርቻዋ የምናየው አንድ ጥንታዊ ኮከብ ከየትኛው ቤት እንደመጣ መለየት አዳጋች ነው። በድንክ ጋላክሲ ውስጥ ያለ ኮከብ ግን ቤቱ ይታወቃል፤ ወንድም እህቶቹም አብረውት አሉ።

ሌላው የቤቱ ማነስ ነው። ጀበና ውስጥ የገባች ቁንጥር ጨው ወዲያው ትቀመሳለች፤ ያቺው ቁንጥር ጣና ላይ ብትበተን ማንም አያውቃትም። በትልቅ ጋላክሲ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፍንዳታዎች ያስወጡት ንጥረ ነገር ተደባልቋል። እጅግ ደብዛዛ በሆነ ድንክ ውስጥ ግን ፍንዳታው ጥቂት፣ ጋዙም ትንሽ ስለነበረ የአንዲት ፍንዳታ አሻራ ሳይጠፋ ይቆያል። በዚያ ላይ እነዚህ ጋላክሲዎች ኮከብ መሥራት ያቆሙት ገና በማለዳ ነው፤ አብዛኞቹ ከዋክብታቸው 13 ቢሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው። ከዚያ በኋላ የመጣ አዲስ ንጥረ ነገር መዝገቡን አላበላሸውም።

ሬቲኩለም 2 ለዚህ ምስክር ናት። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በወቅቱ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው አሌክሳንደር ጂ፣ ከአና ፍሬበልና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ቺሊ ላስ ካምፓናስ ላይ ባለው 6.5 ሜትር የማጀላን ቴሌስኮፕ ዘጠኙን ብሩህ ቀይ ግዙፍ ከዋክብቷን (ወደ ዕድሜያቸው መጨረሻ ተቃርበው ያበጡትን) ለካ። በሰባቱ ላይ ዩሮፒየምና ባሪየም የሚባሉት ከባድ ንጥረ ነገሮች እስከዚያ ጊዜ በሌሎቹ እጅግ ደብዛዛ ድንኮች ከታየው ከ100 እስከ 1000 እጥፍ በልጦ ተገኘ። የዩሮፒየሙ መጠን ከብረቱ አንጻር ሲታይ የፀሐይን 50 እጥፍ ያህላል። ቀሪዎቹ ሁለት ኮከቦች ላይ ይህ የለም፤ እነሱም ብረታቸው ከሁሉ ያነሰ፣ ከ−3 በታች የሆኑት ናቸው። በእኛ ግምት የግኝቱ ዋና ነገር እዚህ ጋ ነው። ሁለቱ የተወለዱት ዩሮፒየሙን የሠራው ክስተት ጋዙን ከመበከሉ በፊት ወይም እሱ ካልደረሰበት ጋዝ ሲሆን ሰባቱ ከእሱ በኋላ መጥተዋል ብሎ መረዳት ይቻላል። በኋላ ብዙ ከዋክብቷ ተጨምረው ሲቆጠሩም በዩሮፒየሙ ክስተት የበለጸጉት 70 በመቶ ያህል ሆነዋል።

ሴግዌ 1 የተባለችው ደግሞ የሌላ ታሪክ ባለቤት ናት። የ300 ፀሐይ ያህል ብርሃን ብቻ ያላት ሲሆን፣ ለዝርዝር ልኬት የሚበቁ ሰባት ቀይ ግዙፍ ከዋክብቷ ተለክተዋል። ብረታቸው ከ−3.8 እስከ −1.4 ቢዘረጋም ማግኒዥየምና ካልሲየማቸው ከብረቱ አንጻር ከፍ እንዳለ ነው። ነጭ ድንክ ኮከብ (የሞተ ኮከብ ቅሪት) ፈንድቶ ብረት ቢጨምርባቸው ኖሮ ይህ ሬሾ ይወርድ ነበር፤ አልወረደም። ስለዚህ ያበለጸጓቸው ቶሎ ኖረው ቶሎ የሚሞቱት ግዙፍ ከዋክብት ናቸው።

ጥያቄ፦ መሐንዲስ ነኝ። አንድን እንዲህ ያለ ኮከብ ለመለካት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሠራውን ሥራ በዝርዝር ብትነግሩኝ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሥራው የሚጀምረው ከልየታ ነው። በጋላክሲዋ አቅጣጫ ከሚታዩት ከዋክብት አብዛኞቹ የእሷ አይደሉም፤ ፊት ለፊት የቆሙ የፍኖተ ሐሊብ ከዋክብት ናቸው። በመጀመሪያ ቀለማቸውና ብሩህነታቸው ይታያል፤ የአንድ ጋላክሲ ጥንታዊ ከዋክብት ቀለምና ብሩህነት በሚመዘገብበት ሰንጠረዥ ላይ በአንድ ጠባብ መንገድ ይሰለፋሉ። ቀጥሎ ጋያ የተባለችው ሳተላይት የመዘገበችው እንቅስቃሴ ይመሳከራል፤ ከጋላክሲዋ ጋር አብሮ የማይጓዝ ይወገዳል። በ3933 አንግስትሮም ያለውን የካልሲየም መስመር ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ፊልተር ከተገኘ ብረት ያነሳቸው ከዋክብት ገና በፎቶው ተለይተው ይወጣሉ። መጨረሻ ላይ በመካከለኛ ጥራት ስፔክትረም (በየቀለሙ በተዘረጋ ብርሃን) ሦስቱ የካልሲየም መስመሮች፣ 8498፣ 8542 እና 8662፣ ተለክተው የኮከቡ ፍጥነት ይታወቃል። የሬቲኩለም 2 ከዋክብት በሴኮንድ 63 ኪሎ ሜትር ገደማ ከእኛ ይርቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሦስት ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ስለሆነ ባዕዱ ቶሎ ይታወቃል።

ለዝርዝር ልኬት የሚመረጡት ቀይ ግዙፎቹ ናቸው። ምርጫ ስላለ አይደለም። ፀሐይን የመሰለ ኮከብ በዚያ ርቀት 22ኛ የብሩህነት ደረጃ ላይ ይወድቃል (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ኮከቡ ይደበዝዛል)፤ ለዚህ ሥራ የሚሆን ብርሃን ከእሱ አይገኝም። ግዙፎቹ ግን ከ16ኛ እስከ 19ኛ ደረጃ ናቸው።

ምልከታው ላይ ብርሃኑ በስፔክትሮግራፉ ደጃፍ ባለች ስሊት በምትባል ጠባብ ክፍተት ይገባል። ስሊቷን ማጥበብ ስፔክትረሙን ያጠራዋል፣ ብርሃን ግን ያስቀራል። በማጀላኑ ማይክ ስፔክትሮግራፍ ላይ 0.7 ወይም 1 አርክሴኮንድ (የዲግሪ 3600ኛ) የሆነች ስሊት የተለመደች ናት፤ ከባቢ አየሩ በታወከበት ሌሊት ኮከቡ 1.2 አርክሴኮንድ ያህል ከሰፋ ጠባቧን ይዞ መቆየት የብርሃኑን ብዙ እጅ ውጭ መተው ነው። ለአንድ 17ኛ ደረጃ ኮከብ ብዙ ሰዓት ያስፈልጋል፤ እሱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በ30 ወይም 50 ደቂቃ እየተቆራረጠ ይነሣል። ጠቋሚው ላይ በየደቂቃው ኮስሚክ ሬይ (ከጠፈር የሚመጣ ቅንጣት) ስለሚያርፍ ብዙ ክፍልፋይ ካለ አንዱ ላይ ያረፈው ከሌሎቹ ጋር ተመሳክሮ ይጣላል። ክፍልፋዩን ከመጠን በላይ ማሳጠርም ጉዳት አለው፤ ካሜራው በተነበበ ቁጥር የራሱን ኖይዝ (የንባብ መዛባት) ስለሚጨምር ብርሃን የሚያንሰው ሰማያዊው ጫፍ ይበላሻል። በክፍልፋዮቹ መካከል የቶሪየምና አርጎን መብራት ይነሣል፤ የመስመሮቹ ቦታ ስለሚታወቅ የሞገድ ርዝመት ማስመሪያ ሆኖ ያገለግላል።

ኮከቡ ወደ አድማስ ሲያዘነብል ከባቢ አየሩ ሰማያዊውንና ቀዩን ብርሃን ይለያያል። ስሊቷ በዚያ አቅጣጫ ካልዞረች ወይም ማስተካከያ ሌንስ ከሌለ ቀዩ ሲገባ ሰማያዊው ከደጅ ይቀራል። የሚያሳዝነው ዩሮፒየምም፣ ስትሮንቲየምም፣ ካርቦንም ዋና መስመራቸው ሰማያዊው ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከአድማስ ከ40 ዲግሪ በታች ባይሠራ ይመረጣል። ጨረቃ የሞላችበትንም ሌሊት መሸሽ ነው፤ ለምን እንደሆነ ከሚቀጥለው ጥያቄ ጋር እንመለስበታለን።

መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የካሜራው መነሻ ንባብ ይቀነሳል፣ የፒክሰሎቹ አለመመጣጠን በወጥ መብራት ፎቶ ይታረማል፣ የሰማዩ ብርሃን ይቀነሳል፣ ስፔክትረሙ ወደ አንድ መስመር ይጠቀለላል፣ ክፍልፋዮቹ ይደመራሉ። ቀጥሎ የኮከቡ ሙቀት፣ የላይኛው ገጹ ስበትና የጋዙ ማይክሮተርቡለንስ (ጥቃቅን የውስጥ እንቅስቃሴው) ይወሰናል። በእነዚህ መሠረት ማርክስ ወይም አትላስ ከሚባሉት የኮከብ ከባቢ አየር ሞዴሎች አንዱ ይመረጥና እንደ ሙግ ባለ ፕሮግራም ስፔክትረም ተሠልቶ ከታየው ጋር ይነጻጸራል። የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር መጠን ሁለቱ እስኪገጥሙ ድረስ ይቀያየራል።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ጽሑፌን በአንድ ደብዛዛ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ላይ እየሠራሁ ነው። የሲግናልና የኖይዝ ሬሾው 20 ነው። ዝቅተኛ የመነሻ ኢነርጂ ያላቸው የብረት መስመሮች ከፍተኛ ካላቸው ይልቅ ብዙ ብረት ይሰጡኛል። ብረት ሁለት ደግሞ ከብረት አንድ በ0.3 ይበልጣል። ዩሮፒየም ጨርሶ አላገኘሁም። የት ነው የተሳሳትኩት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የጠቀሱት ሁሉ ስሕተት ላይሆን ይችላል።

የመጀመሪያው፣ ዝቅተኛ የመነሻ ኢነርጂ (አቶሙ ብርሃኑን ከመዋጡ በፊት የነበረው ኢነርጂ) ያላቸው መስመሮች ብዙ ብረት መስጠታቸው፣ በመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ «የሞዴልህ ሙቀት ከፍ ብሏል» ማለት ነው። ዝም ብለው ሙቀቱን እስኪስተካከል ቢያወርዱ ግን ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ። ብረት ባነሰው ቀይ ግዙፍ ላይ ቀላሉ ሞዴል አቶሞቹ ከአካባቢው ጋዝ ጋር ሙሉ የሙቀት ሚዛን ላይ እንዳሉ ይቆጥራል፤ እውነታው እንደዚያ ስላልሆነ በዚህ መንገድ የሚወጣው ሙቀት ከቀለም ከሚወጣው በ200 ዲግሪ ያህል ያንሳል። ፍሬበልና ባልደረቦቿ በ2013 ያቀረቡት ማስተካከያ ቀላል ነው፤ ያገኙትን ሙቀት፣ በኬልቪን፣ በ0.9 አባዝተው 670 ይደምሩ። 4500 ካገኙ 4720 ይሆናል። ከዚያ ከቀለሙ ከሚወጣው ሙቀት ጋር ያመሳክሩት። ሁለቱ በ150 ዲግሪ ውስጥ ከተገናኙ ይቀጥሉ።

ብረት ሁለት (አንድ ኤሌክትሮን ያጣው ብረት) መብለጡም የዚሁ ዘመድ ነው። ኤሌክትሮኑን ያላጣው ብረት አንድ በኮከቡ አልትራቫዮሌት ብርሃን ከሚጠበቀው በላይ ስለሚሟጠጥ ቀላሉ ሞዴል መጠኑን ከ0.1 እስከ 0.2 ያህል አሳንሶ ያነባል። ሁለቱን በግድ ለማስታረቅ ስበቱን ቢያወርዱ ያልሆነ ስበት ይዘው ይወጣሉ። የእርስዎ ኮከብ ርቀቷ በሚታወቅ ጋላክሲ ውስጥ ስላለ ስበቱን ከርቀቱና ከብሩህነቱ ያውጡት፤ ይህ ርቀታቸው በውል ላልታወቀ የፍኖተ ሐሊብ ሩቅ ኮከቦች የማይገኝ ዕድል ነው። የቀረውን 0.1 የሚያመጣው ምናልባት የመስመሮቹ ማነስ ነው። ብረት ሁለት ላይ ስንት መስመር ይዘዋል? እንዲህ ባለ ስፔክትረም ላይ ከ4924 እና ከ5018 ሌላ የሚታመን ጥቂት ነው፤ በሁለት ሦስት መስመር የተገኘ ቁጥር በ0.2 ወዲያና ወዲህ ቢል አይግረምዎ። ጠንካራ መስመሮች ከስስዎቹ የበለጠ ብረት ከሰጡ ግን ማይክሮተርቡለንሱን ከፍ ያድርጉ፤ ለዚህ ዓይነት ኮከብ በሴኮንድ 2 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

አሁን ደግሞ ያልጠየቁን፣ እኛ ግን በብርቱ የምንፈራው። ኖይዝ በበዛበት ስፔክትረም ላይ ስስ መስመር ሲፈልጉ የሚያገኙት ኖይዙ ራሱ ያጠለቀውን ነው፤ ኖይዙ የደፈነውን «የለም» ብለው ያልፋሉ። አማካዩ ወደ ላይ ይሳባል፣ ስሕተቱም አይታይም፤ የሚታዩት መስመሮች ሁሉ ደህና ይመስላሉና። መድኃኒቱ የመስመሮቹን ዝርዝር አስቀድሞ ማሰር ነው። ኤችዲ 122563 የተባለውን ብሩህ፣ ብረቱ −2.7 አካባቢ የሆነ ኮከብ ስፔክትረም ከአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ ነጻ ማኅደር ያውርዱ፤ እዚያ ላይ በንጹሕ የሚታዩትን መስመሮች ይምረጡ፤ ከዚያ በራስዎ ኮከብ ላይ እነዚያኑ ሁሉ፣ ቢታዩም ባይታዩም፣ ይለኩ። ያንኑ ኮከብ በራስዎ የሥራ ሰንሰለት አሳልፈው ሙቀቱ 4600፣ ስበቱ (በሎጋሪዝም) 1.4 አካባቢ ካልወጣ ችግሩ ያለው ከሰንሰለቱ ነው፤ ወደ ደብዛዛው ኮከብ አይሂዱ።

የኮንቲኒዩሙንም (መስመር በሌለበት ቦታ ያለውን ብርሃን) ከፍታ ደግመው ይዩት። ሰማያዊው ላይ ኖይዝ ስለሚበዛ ዓይን የኖይዙን መሐል ሊስት ይችላል። ሁለት በመቶ ዝቅ ያለ ኮንቲኒዩም ስሱን መስመር ሊያጠፋው ይችላል።

ጨረቃን በተመለከተ። የጨረቃ ብርሃን የፀሐይ ብርሃን ነው፣ የፀሐይ ብርሃን ደግሞ በብረት መስመር የተሞላ ነው። ሰማዩ በደንብ ካልተቀነሰ ብረት ያልነበረው ኮከብ ብረት ያወጣል። ማወቂያው ፍጥነቱ ነው። ኮከብዎ በሴኮንድ 63 ኪሎ ሜትር የሚሸሽ ከሆነ በ5000 አንግስትሮም ላይ መስመሮቹ 1 አንግስትሮም ያህል ይንሸራተታሉ፤ የስፔክትሮግራፉ ጥራት 0.2 ስለሆነ ባልተንሸራተተው ቦታ ላይ የቆመ ስስ መስመር ካዩ የጨረቃ ነው። ፍጥነቱ ወደ ዜሮ የቀረበ ኮከብ ላይ ግን ሁለቱ ይደራረባሉ፤ ያኔ ጨረቃ ከሌለችበት ሌሊት በቀር መፍትሔ የለውም።

ዩሮፒየም አለማግኘትዎ ራሱ ውጤት ነው፤ «አልተገኘም» ብለው ግን አይለፉት፣ ጣሪያውን ያስሉት። የአንድ ስስ መስመር ስሕተት የሚገኘው የመስመሩን ስፋት በፒክሰሉ ስፋት አባዝቶ፣ ሥሩን ወስዶ፣ በ1.5 አባዝቶ፣ ለሲግናልና ኖይዝ ሬሾው በማካፈል ነው። መስመሩ 0.18 አንግስትሮም፣ ፒክሰሉ 0.05፣ ሬሾው 20 ቢሆን 7 ሚሊአንግስትሮም (የአንግስትሮም ሺህኛ) ይመጣል። የዚህ ሦስት እጥፍ፣ 21 ሚሊአንግስትሮም፣ ጣሪያዎ ነው፤ በ4129.7 ላይ ከዚያ የሚበልጥ መስመር ቢኖር ያዩት ነበር። በሬቲኩለም 2 መጠን የበለጸገ ኮከብ ቢሆን ምን ያህል መስመር ይሠራ እንደነበር በሞዴሉ አስልተው ከ21 ጋር ያስተያዩት። ጣሪያው ከዚያ በታች ከሆነ ኮከብዎ እንደ ሬቲኩለም 2 አለመሆኑን አረጋግጠዋል። በላይ ከሆነ ገና አልታወቀም፤ ጣሪያውን በግማሽ ለመቀነስ የምልከታው ጊዜ በአራት እጥፍ መጨመር አለበት። እስከዚያው ባሪየምን በ4554 እና በ4934 ይዩ፣ ከዩሮፒየም በጣም የጠነከሩ መስመሮች ናቸው። ኮከቡ ካርቦን የበዛበት ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ የካርቦንና የሃይድሮጅን ሞለኪውል መስመሮች ሰማያዊውን ስለሚሸፍኑት ለብቻው መስመር መለካት አይበቃም፣ አካባቢው በሙሉ ተሠልቶ መነጻጸር አለበት።

ጥያቄ፦ እኛ አገር ወርቅ ከመሬት ይወጣል። ወርቅ ከከዋክብት መጣ የሚባለው እውነት ከሆነ፣ በእነዚህ ጋላክሲዎች ስለ ወርቅ ሳይሆን ስለ ዩሮፒየም የሚወራው ለምንድን ነው? (ከሻኪሶ)

መልስ፦ የወርቅ ጠንካራ መስመሮች አልትራቫዮሌት ውስጥ፣ ለምሳሌ በ2676 አንግስትሮም ላይ ናቸው። የምድር የኦዞን ሽፋን ያንን ብርሃን ያግደዋል፤ ለማየት እንደ ሀብል ያለ የጠፈር ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። በቅርብ ላሉ ብሩህ ከዋክብት ይቻላል፣ የድንክ ጋላክሲ ከዋክብት ግን ለዚያ በጣም ደብዛዛ ናቸው። ዩሮፒየም የወርቅ ምስክር ሆኖ የሚቆመው ሁለቱም በአንድ መንገድ፣ ኒውትሮን በጎርፍ በሚፈስበት ቦታ በሴኮንዶች ውስጥ ስለሚሠሩ ነው። ከባሪየም ወደ ላይ ያሉት ከባድ ንጥረ ነገሮች በዚህ መንገድ ሲሠሩ እርስ በርስ ያላቸው ሬሾ ከኮከብ ኮከብ ብዙም አይለወጥም፤ ሬቲኩለም 2 ላይም የታየው ይኸው ነው።

ቦታው የት ነው ለሚለው፣ ኦገስት 17 ቀን 2017 ላይጎና ቨርጎ የተባሉት የስበት ሞገድ መቀበያዎች ሁለት የኒውትሮን ከዋክብት ሲጋጩ ሰሙ፤ በ130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለችው ጋላክሲ ውስጥ የታየው ብርሃንም ከባድ ንጥረ ነገሮች መሠራታቸውን አሳየ። ይህ ግጭት አንዱ ምንጭ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። ብቸኛው ምንጭ ነው ለማለት ግን ገና ነው፤ በፍጥነት የሚሽከረከሩና ብርቱ ማግኔት ያላቸው ግዙፍ ከዋክብት ሲፈነዱም ሊሠሩት ይችላሉ የሚለው ክርክር አልተዘጋም። የአገራችሁ ወርቅ ደግሞ ከሬቲኩለም 2 የመጣ አይደለም፤ ፀሐይና ምድር ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት ሲሠሩ በጋዙ ውስጥ አስቀድሞ የነበረ ነው።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሬቲኩለም 2ን ከኢትዮጵያ ማየት ይቻላል? በእንጦጦ ቴሌስኮፕስ ይህ ጥናት ሊሠራ ይችላል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህታችን፣ በዓይንሽ አታያትም፤ አቅጣጫዋን ግን ማየት ትችያለሽ። በታኅሣሥ አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ዙሪ። በስተግራሽ በጣም ብሩህ ሆኖ ካኖፐስ፣ በስተቀኝሽ አኬርናር ይታያሉ። በሁለቱ መካከል፣ ከአድማስ 27 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ክንድሽን ዘርግተሽ ከጨበጥሽው ጡጫ ሦስት የሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ ባዶ የሚመስለው ሰማይ ውስጥ ናት።

እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስተዋት አላቸው። 6.5 ሜትሩ የማጀላን ቴሌስኮፕ ከእነሱ አንዱ የሚሰበስበውን ብርሃን 42 እጥፍ ይሰበስባል፤ ስለዚህ እዚያ አንድ ሰዓት የሚፈጀው እዚህ 42 ሰዓት ይሆናል፣ በዚያ ላይ የአዲስ አበባ መብራት አለ። የሬቲኩለም 2ን ከዋክብት በዝርዝር መለካት በ1 ሜትር አይሆንም።

የሚሆነው ሌላ ነው፤ እኛም በጣም የምንመኘው ይህንን ነው። ለማስተርስ ተማሪው የጠቀስነው ኤችዲ 122563 የብሩህነት ደረጃው 6.2 ነው፤ ከሬቲኩለም 2 ብሩህ ኮከቦች ወደ 10 ሺህ እጥፍ ይበራል። ከፍተኛ ጥራት ያለው ስፔክትሮግራፍ በተገጠመለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ ከሱ በአንድ ሰዓት የሚገኘው ብርሃን፣ 6.5 ሜትሩ ከሬቲኩለም 2 ኮከብ በሰዓት ከሚያገኘው ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ብረቱ የፀሐይን 500ኛ ያህል ብቻ ስለሆነ የጥንት ኮከብ ስፔክትረም ምን እንደሚመስል ለመማር ከእሱ የተሻለ የለም። ቦታውም ለእኛ የተመቸ ነው፤ በሚያዝያ እኩለ ሌሊት አካባቢ በአዲስ አበባ አናት ላይ፣ ከትክክለኛው አናት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ፈንጠር ብሎ ያልፋል። አናት ላይ ከባቢ አየሩ ከሁሉ ስስ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። መቆሚያው ወደ ላይና ወደ ጎን የሚዞር ዓይነት ከሆነ፣ ኮከቡ በአናት ሲያልፍ ቴሌስኮፑ በደቂቃዎች ውስጥ ግማሽ ዙር መዞር ስለሚኖርበት ኮከቡ ከስሊቷ ያመልጣል። ስለዚህ አናት ከመድረሱ አንድ ሰዓት በፊት ጨርሶ ማቆም፣ ወይም ካለፈ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጀመር ነው፤ በዚያ ጊዜም ከአድማስ 75 ዲግሪ ላይ ስለሚሆን የሚጎድል ነገር የለም።